ሮበርት ቺዝማን

ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን (1878–1962 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ቆንስል፣ የመልክዐ ምድር ተመራማሪና የአእዋፍ አጥኚ ነበር። ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ሲያገለግል መቀመጫው ዳንግላ ነበረች። ዳንግላ ዛሬ በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ውስጥ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ የዞኑ ዋና ከተማ እንጅባራ ናት። ቺዝማን ይበልጥ የሚታወቀው ከጣና ሐይቅ እስከ ሱዳን ጠረፍ ያለውን የዓባይ ወንዝ አካሄድ ተከታትሎ ካርታ በማንሣቱ፣ የጣናን ደሴቶችና ገዳማት ዞሮ በመመዝገቡ፣ እንዲሁም በ1936 ባሳተመው ስለ ጣናና ስለ ዓባይ በተጻፈ መጽሐፉ ነው። በዚህ ገጽ ላይ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ቺዝማን በ1878 በእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በኬንት አውራጃ ተወለደ። ቤተሰቡ በገጠር የሚኖር ነበርና ከልጅነቱ ጀምሮ አእዋፍንና አራዊትን መከታተል ለመደ። በዋይ የግብርና ኮሌጅ ተማረ። እህቱ ኤቨሊን ቺዝማን (1881–1969) ደግሞ በነፍሳት ጥናት ስመ ጥር ለመሆን በቅታለች። በለንደን የእንስሳት መጠበቂያ የነፍሳት ክፍል ኃላፊ ከሆነች በኋላ ወደ ኒው ጊኒና ወደ ሌሎች የፓስፊክ ደሴቶች እየተጓዘች እጅግ ብዙ ነፍሳትን ለብሪታንያ ቤተ መዘክር ሰብስባለች።

በመስጴጦምያና በዓረብ ምድር

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲፈነዳ የቺዝማን ዕድሜ ወደ 36 ተጠግቶ ነበር። በምሥራቅ ኬንት ክፍለ ጦር ገብቶ በመስጴጦምያ፣ ማለትም በዛሬዋ ኢራቅ፣ ዘመተ። ከውትድርናው ጎን ለጎን የአገሩን አእዋፍና አጥቢ እንስሳት ናሙና ይሰበስብ ነበር። ከሰበሰባቸው መካከል አንዲት የበረሃ አይጥ ለሳይንስ አዲስ ሆና ስለተገኘች በ1919 በስሙ ተሰይማለች። ከሌሎች ሁለት አጥኚዎች ጋር ሆኖም የመስጴጦምያን አእዋፍ የሚዘረዝር ጥናት አሳትሟል።

ከጦርነቱ በኋላ የኢራቅ የብሪታንያ ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበረው የሰር ፐርሲ ኮክስ የግል ጸሐፊ ሆነ። ኮክስ ራሱ አእዋፍ የማጥናት ፍቅር የነበረው ሰው በመሆኑ ሁለቱ ተግባቡ። ቺዝማን በዚህ ሥራ ላይ ሳለ ሁለት ነገሮችን ተማረ። አንደኛው የቅኝ ገዥ መንግሥት ቢሮ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከአገር ባላባቶችና አለቆች ጋርም እንዴት እንደሚደራደር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ካርታ ባልተነሣለት አገር እየተጓዙ የቦታን አቀማመጥ መለካት ነው።

በ1923 እና በ1924 በኢብን ሳዑድ ፈቃድ ከባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ሁፉፍ፣ ከዚያም በታላቁ የዓረብ በረሃ ጫፍ ወደምትገኘው ወደ ጀብሪን የውኃ ቦታ ተጓዘ። ጀብሪን ድረስ ዘልቆ አቀማመጧን በትክክል የለካ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እርሱ ነው። የዚህን ጉዞ ታሪክ የያዘው የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1926 ታተመ። በዚያን ጊዜ ግን ጸሐፊው ከዓረብ ምድር ወጥቶ ኢትዮጵያ ገብቶ ነበር።

ወደ ዳንግላ መምጣቱ

በ1925 ቺዝማን የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ ተሾመና ዳንግላ ተቀመጠ። ዕድሜው ያኔ 47 ገደማ ነበር። ዳንግላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዙሪያዋ ለምለም፣ አየሯም ተስማሚ የሆነ የአገው ምድር ከተማ ናት። ነዋሪው የአዊ ሕዝብ አውኝኛ ተናጋሪ ነው። በእርሻው፣ በከብቱና በተለይም በፈረስ አያያዙ የታወቀ ነው። በዚያ ዘመን ወደ ዳንግላ የሚደርስ የመኪና መንገድ አልነበረም። ሰውም ዕቃም የሚንቀሳቀሰው በእግርና በበቅሎ ስለነበር፣ ክረምት ሲገባና ወንዞች ሲሞሉ አካባቢው ከውጭው ዓለም ይነጠል ነበር።

ብሪታንያ በእንዲህ ያለ ቦታ ቆንስል ያስቀመጠችው ለንግድ ስትል ብቻ አልነበረም። ሱዳን በዚያን ጊዜ በብሪታንያ አስተዳደር ሥር ነበረች። የጎጃምና የሱዳን ጠረፍ ቆላ በመሆኑ ለቁጥጥር አስቸጋሪ ነበር። የባሪያ ንግድ፣ የጦር መሣሪያ ዝውውርና ድንበር ተሻጋሪ ዘረፋ የካርቱምን አስተዳደር ያሳስቡት ነበር። ኢትዮጵያ በመስከረም 1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል በመግባቷ፣ የውጭ ቆንስሎች ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፉት ዘገባ ክብደት ነበረው።

ከሁሉም በላይ ግን የውኃው ጉዳይ ነበር። ብሪታንያ ግብፅንና ሱዳንን በያዘችበት ዘመን የጥጥ እርሻዋ የተመሠረተው በናይል ላይ ሲሆን፣ ከናይል ውኃ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከዓባይ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በግንቦት 1902 ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ከብሪታንያና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውኃ ፈጽሞ የሚያግድ ሥራ እንደማይሠሩና እንደማያሠሩ ገልጸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የብሪታንያ መሐንዲሶች ጣና ድረስ እየመጡ ሐይቁን ለውኃ ማጠራቀሚያ ለማዋል ጥናት አድርገዋል። ከእነዚህ አንዱ በ1920 እና በ1921 የተካሄደው ጥናት ነው። እንግዲህ ቺዝማን ሲሾም፣ በጣናና በዓባይ አካባቢ የሚቀመጥ የብሪታንያ ሹም ሁሉ ዓይኑ ውኃው ላይ እንደሚሆን በአዲስ አበባም የታወቀ ነበር።

የቆንስሉ ሥራና የጎጃም አስተዳደር

ቺዝማን በመጣ ጊዜ ጎጃምን የሚገዙት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ነበሩ። መቀመጫቸው ደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ ሀብታቸውና በግዛታቸው ላይ የነበራቸው ሥልጣን እጅግ ሰፊ ነበር። ማዕከላዊው መንግሥት በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ መኰንን፣ በኋላም በቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ እየተጠናከረ ሲሄድ ከራስ ኃይሉ ጋር መጋጨቱ አልቀረም። ራስ ኃይሉ በ1932 ከልጅ ኢያሱ ማምለጥ ጋር በተያያዘ ተከሰው ሥልጣናቸውን አጡ። በምትካቸው ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጎጃምን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። ቺዝማን ይህን የለውጥ ዘመን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅርብ ተመልክቷል።

ለቆንስሉ ጉዞ ከአካባቢው ገዥዎች ጋር መስማማት ግድ ነበር። ካርታ የሚያነሣ የውጭ ሰው በየአገሩ በጥርጣሬ ይታያል። ዳር ድንበሩን የሚጠብቀው የኢትዮጵያ ባላገርና ሹም ደግሞ መሬት የሚለካ ፈረንጅ በኋላ መሬቱን ሊወስድ ይችላል ብሎ የሚሰጋበት በቂ ምክንያት ነበረው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጉዞ የመሪ፣ የበቅሎ፣ የስንቅና የይለፍ ጉዳይ ነበር። የመንገዱን፣ የመሻገሪያውንና የገበያውን ቀን የሚያውቁት የአገሩ ሰዎች ባይመሩት ኖሮ ካርታው ሊነሣ አይችልም ነበር።

የዓባይ ካርታ

ዓባይ ከጣና ከወጣ በኋላ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ከቦ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ከሐይቁ እስከ ጠረፉ ርዝመቱ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ጣና ላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ሲሆን ሱዳን ሲደርስ ወደ 500 ሜትር ይጠጋል። በመካከሉ ያለው በረሃ በአንዳንድ ስፍራ ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው።

የወንዙ ምንጭ ለአውሮፓውያን ከታወቀ ቆይቶ ነበር። ኢየሱሳዊው ጴድሮ ጳኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ሰከላ ወደሚገኘው ግሽ ዓባይ ደርሰዋል። የኢትዮጵያ ምእመናን ይህን ምንጭ ከጥንት ጀምሮ በመጽሐፍ ቅዱስ ከተጠቀሰው ከግዮን ጋር አያይዘው ያከብሩታል፤ ለጠበልም ይሳለሙታል። ምንጩ ይታወቅ እንጂ፣ ወንዙ ከጣና በታች በምን በኩል እንደሚታጠፍና የትኛው ገባር የት እንደሚገናኘው የሚያሳይ አስተማማኝ ካርታ አልነበረም። በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ብዙው ክፍል በነጠብጣብ መስመር ብቻ የተመለከተ ነበር። በ1903 በጀልባ ሊወርዱ የሞከሩ ተጓዦች ብዙም ሳይርቁ ጀልባዎቻቸው ተሰባብረው ጉዟቸው ተቋርጧል።

ቺዝማን ከዚህ የተለየ ዘዴ መረጠ። በወንዙ ዳር መሄድ በገደሉ ምክንያት አይቻልም፤ በወንዙ ላይ መቅዘፍም በፏፏቴውና በአዞው ምክንያት ለሞት መጋበዝ ነው። ስለዚህ በበጋ ወራት በደጋው ጠርዝ ላይ በበቅሎ እየተጓዘ፣ መሻገሪያ መንገድ ባለበት ሁሉ ወደ በረሃው ወርዶ ወንዙን እያየና እየለካ እንደገና ይወጣ ነበር። በኮምፓስ አቅጣጫን እየያዘ፣ ከፍታን እየለካ፣ የተራሮችን፣ የአብያተ ክርስቲያናትንና የመንደሮችን ስም ከነዋሪዎች እየጠየቀ ይመዘግባል። ወደ በረሃው የሚወርድበት መንገድ አስቸጋሪ ነው። ቆላው ወባ አለበት፤ ሙቀቱም ለደጋ ሰውና ለበቅሎ አይስማማም።

በዚያን ጊዜ ከጣና እስከ ሱዳን ድረስ በዓባይ ላይ የነበሩት ድልድዮች ሁለት ጥንታውያን የድንጋይ ድልድዮች ብቻ ነበሩ። አንደኛው ጢስ ዓባይ አጠገብ የሚገኘው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዚያ ወረድ ብሎ ያለው ሰባራ ድልድይ ነው። ከእነዚህ በቀር ሰው የሚሻገረው ውኃው በሚጎድልበት ወቅት በመልካ ነበር። ነጋዴዎች ግን እነዚህን መልካዎች ለዘመናት ያውቋቸው ነበር። ከጎጃም ወደ ሸዋና ወደ ወለጋ ፈረስ፣ ጨው፣ ማርና ቡና የሚያመላልሱት በእነርሱ በኩል ነው። ቺዝማን ያደረገው ይህን ተበታትኖ የነበረ የአገር ዕውቀት ከራሱ ልኬት ጋር አገናኝቶ በአንድ ካርታ ላይ ማስፈር ነው። የመጀመሪያው ውጤት በ1928 በለንደን በሮያል ጂኦግራፊካል ሶሳይቲ መጽሔት ታተመ። ጉዞውን ከዚያም በኋላ ቀጥሎ የቀረውን አብዛኛውን ክፍል አሟላ።

ካርታው አንድ አስፈላጊ ነገር በግልጽ አሳይቷል። ዓባይን ታላቅ የሚያደርገው ጣና ብቻ አይደለም። በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስና በለስን የመሳሰሉ ገባሮች በየአቅጣጫው ሲገቡበት ነው ወንዙ የሚገዝፈው። ከጣና የሚወጣው ውኃ ዓባይ ሱዳን ይዞ ከሚገባው ትንሹ እጅ ነው።

ጣናና ገዳማቱ

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቺዝማን ፊቱን ወደ ጣና አዞረ። የሐይቁ ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በላዩ ከ30 የሚበልጡ ደሴቶች ይገኛሉ። በዚያን ጊዜ በሐይቁ ላይ የነበረው መጓጓዣ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነበር። ቺዝማንም የሐይቁን ዳርቻ በመዞርና በደሴቶቹ ላይ እየወረደ ስለ እያንዳንዳቸው መረጃ ሰበሰበ። የዐፄ ፋሲልና የሌሎች ነገሥታት አፅም የሚጠበቅበትን ዳጋ እስጢፋኖስን፣ ክብራን ገብርኤልን፣ ከጽላተ ሙሴ ትውፊት ጋር የሚነሣውን ጣና ቂርቆስንና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ የታነጸችውን ናርጋ ሥላሴን የመሳሰሉ ቦታዎች በጽሑፉ ውስጥ ተካተዋል።

በዚህ ሥራው መነኮሳቱ የነገሩትን የየገዳሙን አመሠራረት ታሪክና ትውፊት ጽፎ አስቀርቷል። ስለ ሐይቁ ዳር ነዋሪዎች፣ በተለይም ታንኳ በመሥራትና ጉማሬ በማደን ይታወቁ ስለነበሩት ወይጦዎችም መዝግቧል። የጣናና የደሴቶቹ ጥናት በ1935 በዚያው በለንደኑ መጽሔት ወጣ። በዚያው ዓመት ከሌላ ሊቅ ጋር በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሰበሰባቸውን አእዋፍ የሚዘረዝር ጥናት አሳትሟል።

የጣና ግድብ ክርክር

ቺዝማን በተራራና በበረሃ ሲዘዋወር በአዲስ አበባ፣ በለንደን፣ በሮምና በጄኔቫ ስለ ጣና ብርቱ ክርክር ይካሄድ ነበር። በታኅሣሥ 1925 ብሪታንያና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ደብዳቤ ተለዋወጡ። ብሪታንያ በጣና ላይ ግድብ የመሥራት ፈቃድ እንድታገኝ ጣሊያን ልትደግፋት፣ ብሪታንያም በበኩሏ ጣሊያን በምዕራብ ኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ጥቅም እንድታገኝና የባቡር መንገድ እንድትሠራ ልትደግፋት ተስማሙ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ይህን ሲሰሙ በ1926 ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታ አቀረቡ። ሁለቱ መንግሥታትም የኢትዮጵያን ነጻነት የሚነካ ሐሳብ እንደሌላቸው ለማስረዳት ተገደዱ።

ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ሌላ መንገድ ፈለገች። በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምህንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ኩባንያው በ1930 እና በ1931 በጣና ላይ ጥናት አካሄደ። ይህም ግድቡ ቢሠራ በአንድ ቅኝ ገዥ መንግሥት እጅ እንዳይወድቅ የታሰበ ነበር። ግድቡ ግን በዚያ ዘመን አልተሠራም፤ የጣሊያን ወረራ ሁሉንም አስቀረው።

የቺዝማን ሥራ በዚህ ክርክር ውስጥ ሁለት ገጽ አለው። ካርታው ለማንኛውም አንባቢ ዕውቀት ነው። በሌላ በኩል ግን ያነሣው ሰው ውኃውን የሚፈልግ መንግሥት ደመወዝተኛ ነበር። ተመራማሪነቱንና ቆንስልነቱን ለይቶ ማየት አስቸጋሪ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

መጽሐፉ

ቺዝማን በ1934 ዳንግላን ለቆ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ጣናንና ዓባይን የሚመለከተው መጽሐፉ በለንደን የታተመው በ1936 ሲሆን፣ ይህ ዓመት የፋሺስት ጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው። በመሆኑም መጽሐፉ ለአንባቢ የደረሰው የገለጻት ነጻ አገር በተወረረችበት ወቅት ነው። በዚያው ዓመት የሮያል ጂኦግራፊካል ሶሳይቲ የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። መጽሐፉ ስለ ጎጃም መንገዶች፣ ገበያዎች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ልማዶች በርካታ ዝርዝር ስለያዘ፣ ከወረራው በፊት የነበረውን ሕይወት ለሚያጠኑ ሰዎች እስከ ዛሬ ይጠቅማል። በእርግጥ ጽሑፉ በዘመኑ የነበረውን የአውሮፓውያን አመለካከት የሚያንጸባርቅ በመሆኑ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል።

የአርበኞች ዘመን

ጣሊያን በሰኔ 1940 በብሪታንያ ላይ ጦርነት ስታውጅ ቺዝማን ከ60 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የጎጃምን መሬትና ሰው የሚያውቅ እንግሊዛዊ ጥቂት ስለነበር ወደ ካርቱም ተጠርቶ በሱዳን ጦር የስለላ ቢሮ ውስጥ የኢትዮጵያን ጉዳይ ክፍል እንዲመራ ተደረገ። ክፍሉ ከጎጃም አርበኞች ጋር መልእክት መለዋወጥንና ከውስጥ የሚመጣውን ወሬ ማጣራትን ይመለከት ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሐምሌ ወር ካርቱም ገቡ። በነሐሴ ደግሞ በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የተመራው ቡድን ጠረፉን ተሻግሮ ከአርበኞች ጋር ለመገናኘት ወደ ጎጃም ዘለቀ። ዓባይን ለመለካት የተሰበሰበው የመንገድ፣ የመሻገሪያና የሰው ዕውቀት አሁን ጠላትን ለማስወጣት አገልግሎት ላይ ዋለ።

የጎጃም አርበኞች ግን ዕርዳታ እስኪመጣ አልጠበቁም ነበር። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በላይ ዘለቀና ሌሎችም ጠላትን በየምሽጉ ወስነው ለዓመታት ተዋግተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገብተው ባንዲራ ሰቀሉ። በየካቲት ወር ጣሊያኖች ዳንግላንና እንጅባራን ለቀቁ፤ የዳንግላው ጦር ወደ ባሕር ዳር፣ የእንጅባራው ወደ ቡሬ ሸሸ። በዚህ ዓይነት ቺዝማን ዘጠኝ ዓመት የኖረባት ከተማ ነጻ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ የጎጃም ከተሞች አንዷ ሆነች። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ።

የመጨረሻ ዘመኑ

ከድል በኋላ ቺዝማን ከ1942 እስከ 1944 በአዲስ አበባ በብሪታንያ ሌጋሲዮን በአማካሪነት ሠራ። ጊዜው ኢትዮጵያ የብሪታንያን ወታደራዊ አስተዳደር ጫና ቀስ በቀስ ከላይዋ የምታነሣበት ነበር። በጥር 1942 የተፈረመው ስምምነት በታኅሣሥ 1944 ኢትዮጵያን ይበልጥ በሚጠቅም ሌላ ስምምነት ተተክቷል። ቺዝማን ከዚህ በኋላ ጡረታ ወጥቶ ወደ ኬንት ተመለሰ። በ1927 ካተሪን ዊንች የምትባል የኬንት ሴት አግብቶ ነበር። በ1962 በ83 ዓመቱ ዐረፈ።

ከእርሱ በኋላ

ቺዝማን በሞተበት ዘመን የዓባይ ጥናት ወደ ሌላ ምዕራፍ ተሻግሮ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ እስከ 1964 ባካሄደው ሰፊ ጥናት በዓባይ ላይ ግድብ ሊሠራባቸው የሚችሉ ቦታዎች ተለይተዋል። በ1968 ደግሞ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ የመጣ የእንግሊዞች ቡድን ቺዝማን ከላይ ሆኖ የተመለከተውን በረሃ በጀልባ ወረደ።

በቺዝማን ዘመን የውጭ መንግሥታት የተከራከሩበት የጣና ውኃም በኢትዮጵያውያን ውሳኔ ሥራ ላይ ውሏል። በ1990ዎቹ ባሕር ዳር አጠገብ ከሐይቁ የሚወጣውን ውኃ የሚቆጣጠረው የጫራጫራ ግድብ ተሠራ። በ2010 ደግሞ ከጣና በዋሻ ወደ በለስ በሚወርድ ውኃ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ተመረቀ። ታላቁ ግድብ ግን የተሠራው ጣና ላይ ሳይሆን፣ ገባሮቹ ሁሉ ከተሰበሰቡ በኋላ ዓባይ ወደ ሱዳን ሊገባ በሚቃረብበት በጉባ ነው። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዳንግላ በበቅሎ እየተነሣ በነጠብጣብ የተመለከተውን መስመር በካርታ ላይ ያሰፈረው ቆንስል የሠራው ለሌላ መንግሥት ቢሆንም፣ የለካው ወንዝ ዛሬ ለምንጩ አገር ብርሃን እየሰጠ ነው።